የማንም ልጅ አይደለችም

ጁን 11

ዛሬ ተሸጠች።

ጠዋት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በጆንያ ጠቅልለው ከጓሮ ቆሻሻ መጣያው ላይ አስቀመጧት። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ መሰለ። ጎረቤታችን አሮጊቷ ያይ ሆረጃ መጥረጊያቸውን ይዘው እንደ መንገደኛ ብቅ አሉና ቆም ብለው፣ «ይሄን የጣለው ማነው?» አሉ።

«እኛ አይደለንም» አሉ አማቴ። «ነፋስ አምጥቶት ይሆናል።»

«እንግዲያው ልውሰደው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተራዬ ነበር። «ውሰዱት፣ ግቢ ያጣብባል» አልኩ። ድምፄ ደህና ወጣ።

ዋጋዋ አንድ የተቀደደ ወንፊትና አንድ ጭብጥ ጨው ሆነ። ያይ ሆረጃ ወሎፍ ስለሆኑ ስሟንም በወሎፍ ቋንቋ አወጡላት። ሳጋር አሏት፣ ቡትቶ ማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው፣ «የኔ ጡት ከደረቀ ዘመን የለውም። ዕቃዬን አንቺ ዘንድ አስቀምጪልኝ» አሉ። እሺ አልኩ። እንግዲህ የሰው ዕቃ እያጠባሁ ነው።

ከእሷ በፊት ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ሦስቱም የሄዱት በክረምት ነው። የመጨረሻው፣ አላሳን፣ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ልጅ አልቆም ላላት ሴት እዚህ አገር የሚደረገው ይሄ ነው። ሞት ያማረ ነገር ይወዳል፣ ጥራጊ ግን ጎንበስ ብሎ አያነሳም ይባላል። እኔ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ታምኚበታለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ባሌ ያንኩባ ገና ጎህ ሲቀድ እውነተኛ ስሟን በጆሮዋ ነግሯታል። ሰምቻለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ጁን 20

ያይ ሆረጃ ስድብ ሊያስተምሩኝ መጡ።

«አንቺ የምትሳደቢው እንደ ትምህርት ቤት ነው» አሉኝ። «‹አንቺ ቆሻሻ› ተብሎ ይቆማል? ቆሻሻማ የማይባል ማን አለ! ስድብ ዝርዝር ይፈልጋል እንጂ።» የተኛችበት ቅርጫት ላይ አጎነበሱና ጀመሩ። «አንቺ ጥላሸታም የድስት ቂጥ! አንቺ ውሻ አሽትቶ የተዋት የዓሣ ጭንቅላት! አፍንጫሽ ራሱ የተረገጠ ለውዝ!» ከዚያ ወደ እኔ፣ «በይ ድገሚ።»

ደገምኩ። ተማሪዎቼ የማባዛት ሰንጠረዥ እንደሚደግሙት። እሷ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች።

ያይ ሆረጃ የካኝሌንጎች አለቃ ናቸው፣ ልጅ አልቆም ያላቸው ሴቶች ማኅበር። ብዙ ቀብረው አንድ አሳድገዋል። እሱም አሁን ጢሙን ያሳደገ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ስሙ እስከ ዛሬ «ጣሉት» ነው። የሠርጉ ካርድ ላይም እንደዚያው ተጻፈ።

ሕጉን ነገሩኝ። መሳም የለም። አቆላምጦ መጥራት የለም። ዓይን ዓይኗን ማየት የለም። «ጡት መስጠት ግን ግድ ነው» አሉ፤ «ፍየልም ትሰጣለች።»

ጁን 29

ዝናብ የለም። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹ የሳሏቸውን የወባ ትንኞች ከግድግዳው ላይ አወረድኩ፤ ግማሾቹ ስምንት እግር ሰጥተዋቸዋል። ወንዙ ጨው ይዞ እየመጣ ነው፣ የሴቶቹ ሩዝ ማሳ ጠርዙ ነጥቷል። ያንኩባ ከወንዙ ማዶ ነው። የሚሠራበት ትልቁ ጀልባ ሰውና መኪና ሲያመላልስ ይውላል፣ እሱ ገመድ ይጥላል ገመድ ያነሳል።

ሳጋር ትበላለች። ትተኛለች።

ጁላይ 8

ዘነበ! ሴቶቹ ወጥተው ጨፈሩ። እኔም ወጣሁ።

የጤና ሠራተኞች በሞተር ብስክሌት መጥተው ለየቤቱ አጎበር አደሉ። ነጭ ነው፣ አዲስ ልብስ ይሸታል። የኛን ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኩት። እሷ በሩ አጠገብ ቅርጫት ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ነው የምትተኛው። ቡትቶ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አላሳን አጎበር ስር ነበር የሚተኛው። እንደዚሁ ነጭ ነበር፣ ጫፉን እኔው ራሴ ጥልፍ ጠልፌበት ሙሽራ አስመስዬው ነበር። ከበሩ ጀምሮ ይታይ ነበር።

አማቴ ቅርጫቱን አዩ፣ አጎበሩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ገባሽ» አሉኝ። ወደዚህ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ ሲያመሰግኑኝ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

ጁላይ 21

ከካኝሌንጎቹ ጋር ወጣሁ። የያንኩባን አሮጌ ሱሪና ሸሚዝ ለበስኩ፣ አንገቴ ላይ የጠርሙስ ክዳን ሐብል አደረግኩ። ውኃ የሞላ ገበቴ ላይ ቅል ደፍተን እየመታን ከግቢ ግቢ እንዞራለን። የሰጡንን መሬት ላይ ደፍተን እየተሻማን እንበላለን። ሰዉ ይስቃል። መሳቅም አለበት፤ ከላይ ያለውም ስቆ ይተወናል ነው ነገሩ።

አንዱ ግቢ ውስጥ የተማሪዬ የኢሳቱ አባት ወጣ። «አስተማሪ?» አለ፣ ዓይኑን አላመነም።

ያይ ሆረጃ በመሃል ገቡ። «የምን አስተማሪ? አስተማሪዋ ሞታለች። ይቺ የኔ አህያ ናት፣ ብትፈልግ ጫናት!»

ሰውየው እንባው እስኪመጣ ሳቀና ሩዝ አመጣልን። ሩዙ አሸዋ ነካው። በላሁ። ምንም አልተሰማኝም። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት ይላሉ ያይ ሆረጃ። ቤት ስደርስ ጡቴ ፈሶ ሸሚዙን በሙሉ አርሶታል።

ኦገስት 3

ችግኝ ነቀላ። ወገቤ። ትንኙ ከማሳ ተከትሎን ቤት ይገባል። የእሷ ፊት አብጦ አብጦ አደረ። አመድ ቀባኋት።

ኦገስት 12

ሻሼን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። አማቴ ማንጎው ስር በስልክ እየጮሁ ነበር፤ እዚያ ብቻ ነው መስመሩ የሚይዘው።

«እኔ ምን ወጣኝ? ይቺም ከሄደች ነው ያልኩት! ከቆየች እሰየው፣ አላህ ይመስገን። ካልቆየች ግን ልጄ ባዶ ቤት ሲጠብቅ ሊያረጅ ነው? አዎ... አዎ፣ የማዶዋ ልጅ ጥሩ ናት። ዳሌዋም ጥሩ ነው።»

አዩኝ። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ፣ «ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ተከናነቢ» አሉኝ። ተከናነብኩና ሄድኩ።

ክፉ ሰው አይደሉም። አላሳን የሞተ ጊዜ ሰንብተው ነው እህል የቀመሱት። ክፉ ሰው አይደሉም።

ኦገስት 16

ያንኩባ መጣ፣ የተጠበሰ ዓሣ ይዞ። ቅርጫቱን በጎን አልፎ ተቀመጠ።

«ዕቃዋ እንዴት ናት?» አለ፣ ጣሪያውን እያየ።

«አለች።»

«ትበላለች?»

«እንደ አንበጣ።»

«ጥሩ።» ተነሥቶ ወጣ። ሻዩን አፍልቶ፣ ደግሞ አፍልቶ፣ ደጅ ብቻውን ሲጠጣ አመሸ። ስድብ አይሆንለትም። የማቆላመጡን ቃል ደግሞ ይፈራዋል። ስለዚህ አይቀርባትም። እኔንም አይቀርበኝም። ስለ ማዶዋ ልጅ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ኦገስት 28

ይሄን መጻፍ የለብኝም።

ማሳ ላይ ነበርን። ዝናቡ ሲወርድ ሌሎቹ ወደ ዳሱ ሮጡ፣ እኔ ጭቃው ይዞኝ ኋላ ቀረሁ። ጀርባዬ ላይ ነበረች። ከአንዱ ዛፍ ስር አወረድኳትና አቀፍኳት። ጉንጯ ላይ ጭቃ ነበር፣ በአውራ ጣቴ ጠረግኩላት። አየችኝ። እኔም አየኋት። ሕጉን ረስቼው አይደለም፣ ረሳሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። እያወቅሁ ነው ያየኋት።

እውነተኛ ስሟን ጠራሁ። አንዴ። ዝናቡ ይጮህ ስለነበር ማንም አልሰማም። ሴቶቹ አልሰሙም ማለቴ ነው።

ሴፕቴምበር 2

ደህና ናት። ጠዋት አየኋት፣ ቀን አየኋት። ደህና ናት።

ሩዙ አረንጓዴ ሆኗል። ዝናቡ ጨውን ገፋው ይላሉ ሴቶቹ። ማታ ማታ ትንኙ አጎበሬ ላይ ሲያንጎራጉር ያድራል፣ መግባት ሲያቅተው ወደ በሩ ይሄዳል።

ሴፕቴምበር 9

ትኩሳት። ጡት እምቢ አለች።

እኔ ነኝ። በአንድ ቃል ጠቆምኩባት።

ሴፕቴምበር 10፣ ሆስፒታል

ሌሊቱን ከንፈሯ ነጣ። ጠዋት የጤና ኬላው ሰውዬ አየት አደረጋትና፣ «ወባ ነው፣ ደሟ አልቋል፣ ወንዙን አሻግሯት፣ አሁኑኑ» አለ። አማቴ ቅርጫቱን ተሸክመው እስከ ወደቡ በሩጫ ሄዱ። እኔ ነበርኩ ከኋላ የምከተለው። የሚያስነጥሱ የሚመስል ድምፅ ያሰማሉ፣ ኋላ ነው ልቅሶ መሆኑ የገባኝ። ለእሷ አይለቀስም፣ ስለዚህ ጉንፋን ይዟቸዋል አልኩ።

የያንኩባ ጀልባ ሊነሣ ሲል ደረስን። መኪናው፣ ፍየሉ፣ የኦቾሎኒ ጆንያው፣ ሰዉ፣ መርገጫ የለም። ያንኩባ ከላይ አየን። ገመዱን ጣለና ወረደ። ቅርጫቱን ከእናቱ ላይ ነጠቀ። ከዚያ ያ ስድብ የማይሆንለት ሰውዬ ባለው ድምፅ ሁሉ ጮኸ።

«መንገድ ልቀቁ! ቆሻሻ ነው የያዝኩት! የሞተ ዓሣ ነው፣ ይሸታል! ልቀቁ፣ ትነካካላችሁ!»

ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ዘወር ዘወር አለ። የሞተሩ ቤት ጥግ፣ ነፋስ የማይመታበት ቦታ አስቀመጣት። ወንዙን እስክንሻገር ድረስ አጠገቧ ቆሞ፣ «የገማ ዓሣ፣ የገማ ዓሣ» እያለ ለብቻው ያንሾካሹክ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲስተር ያሲን የሚባሉ አሮጊት ነርስ ተቀበሉን። ዓይኗን ገለጡት፣ መዳፏን አዩት።

«እናቷ ማናት?»

አማቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«የማናት ልጅቷ?»

«የማንም አይደለችም» አልኩ። «የጎረቤት ዕቃ ናት፣ ለማድረስ ነው የመጣነው።»

ሲስተር ያሲን ሸሚዜን አዩት። ፊት ለፊቱ በሁለት ቦታ እርሷል። መነጽራቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እሺ! እዚህ የማንም ያልሆነች አንዲት ቡትቶ አለች። ደም ትፈልጋለች። ከዚህ ከሚያልፈው መንገደኛ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው ካለ ክንዱን ይስጠኝ።»

«እኔ ሥራ የለኝም» አልኩ።

መርምረው ይሆናል አሉ። ደሜ በቱቦ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ወደ እሷ ሲንጠባጠብ አየሁት። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ነው፣ ከታች በኩል ተልጧል።

ሴፕቴምበር 13

ትኩሳቱ በረደ። ጠባች። ትንሽ።

ተለማማጅ ነርስ አለች፣ የከተማ ልጅ፣ ሽቶዋ ቀድሟት ይመጣል። ሳላያት መጥታ ብድግ አደረገቻት። «ወይኔ! ምን የመሰለች ቆንጆ! ዓይኗን እዩልኝ! የኔ ማር፣ የኔ ንግሥት!»

«ቆንጆ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ አዩኝ። አሮጊቶቹ ግን መልሰው ሥራቸውን ያዙ። ሳጋር አለቀሰች፣ ነርሷ እስክትሰጠኝ ድረስ ዝም አላለችም። መርፌውን አስታውሳ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 17

ትናንት ሲስተር ያሲን ጠየቁኝ። «ማታ አጎበር ስር ነው የምትተኛው?»

ወለሉን አየሁ።

«አጎበር የላችሁም?»

«አለን።»

«ማን ይተኛበታል?»

«እኔ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሥራሽ ምንድነው?» አሉኝ። አስተማሪ ነኝ ልል አፌ አልከፈት አለኝ። አህያ ነኝ ብል ይቀለኝ ነበር። ትንኝ ስድስት እግር ነው ያላት። ሁልጊዜ ልጆቹን የማርመው እሱን ነው።

ሲስተር ያሲን ዝናቡ ውስጥ የጠራሁትን ስም አያውቁም። እሱን ቢያውቁ አጎበር አይጠይቁኝም ነበር። እንደዚያ ብዬ ነው ያደርኩት። ጠዋት ስነሣ ግን ያ ነጭ አጎበር ነው ዓይኔ ላይ የመጣው፣ እኔ ብቻዬን ውስጡ ተኝቼ።

ሴፕቴምበር 22

ቤት ገባን። ያይ ሆረጃ ደጃፍ ላይ ጠበቁን፣ የጠርሙስ ክዳናቸውን ሁሉ አድርገው።

«ዕቃዬን ይዘሽ የት ጠፋሽ አንቺ ሌባ?» ቅርጫቱን ገልጠው አዩ። ፊታቸው ለአንድ አፍታ ተበላሸ፣ መልሰው አስተካከሉት። «ኧረ ይቺ ጭራሽ ከስታለች! ወንፊቴን መልሱልኝ!»

ስለ አጎበሩ ነገርኳቸው። ሲስተር ያሲን ያሉትን በሙሉ። እኔ የተኛሁበትን እሷ ያልተኛችበትን። ድምፄ አንድ ዓይነት ነበር፣ የሌላ ሰው ጉዳይ የማነብ ነበር የሚመስለው። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

ያይ ሆረጃ ቅርጫቱን መልሰው ሸፈኑ። «የኔዎቹም...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ብድግ ብለው ክፍሌ ገቡ፣ አጎበሩን ከአልጋዬ ላይ አውርደው ጓሮ ወሰዱት። እዚያው ቆሻሻ መጣያው ላይ። አመድ በተኑበት፣ ጥላሸት አሹበት፣ አማቴም ሳይጠሩ መጥተው የማሳ ጭቃ በእጃቸው ይመርጉበት ጀመር። ሁለቱ አሮጊቶች ያንን ነጭ ነገር የዓሣ አጥማጅ መረብ አስመሰሉት።

«እንዳይቀደድ!» አልኩ።

«አንቺ ነሽ አህያ፣ እኛ አይደለንም» አሉ ያይ ሆረጃ። «በይ አሁን ስቀይው። ቡትቶ ለቡትቶ። ይሄን አይቶ ውስጡ የከበረ ነገር አለ የሚል ካለ እሱ ሞት አይደለም፣ እብድ ነው።»

አማቴ እጃቸውን እያራገፉ ወደ ማንጎው ሄዱ። ሲጮሁ ሰማኋቸው። «የማዶዋን ልጅ ነገር ተዉት። አዎ፣ ተዉት! ጭቃ ላይ ነኝ፣ ኋላ እደውላለሁ።»

ሴፕቴምበር 24

ያንኩባ መጣ። አጎበሩን ቅርጫቱ ላይ እንደገና ሰቀለው፣ እኔም እንድገባበት ሰፋ አድርጎ። የጀልባ ቋጠሮ ነው ያሰረው፣ ማንም አይፈታውም። «የገማ ዓሣ» አላት፣ ፊቷን እያየ። አሁን ለምዶታል። ወጥቶ ሻዩን ሲጥድ ሰማሁ።

አብሬያት ገባሁ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከጭቃው የተነሣ ከውስጥ ወደ ውጭ አይታይም፣ ከውጭም ወደ ውስጥ አይታይም። እንደዚህ ተሸሽጌ አላውቅም። እዚህ ማንም አይሰማም አልኩ። እዚህ ይቻላል።

ሁሉንም አልኳት። የኔ ቆንጆ አልኳት። የኔ ማር፣ የኔ ዓይን፣ ልጄ። በጣም በቀስታ። ሲጠራቀም የቆየ ነበር።

ግንባሯ ተኮማተረ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ፊቷን ከእኔ አዙራ በሩን ትፈልግ ጀመር፣ የማያውቀው ሰው እንደያዘው ሕፃን። ልታለቅስ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ያለቀሰችው ከመርፌው እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። አፌ ራሱ ነው ያለው፤ «አንቺ ጥላሸታም የድስት ቂጥ።»

ዞረች።

«አንቺ ውሻ አሽትቶ የተዋት የዓሣ ጭንቅላት።»

አየችኝ። አፏ ተከፈተ፣ ድድ ብቻ፣ ከዚያ ድምፅ ወጣ። ሳቀች። ተወልዳ ስትስቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው፣ መላ ሰውነቷ ነው የሳቀው። ደጅ የያንኩባ ብርጭቆ ሲወድቅ ሰማሁ።

አለቀስኩ፣ ግን አላቆምኩም። አፍንጫሽ የተረገጠ ለውዝ። የወንፊት ትርፍ። የሰው ዕቃ። ነፋስ ያመጣሽ። እያንዳንዱ ላይ ትስቃለች። የማውቀው ስድብ ሁሉ ሲያልቅብኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።